የነጋዴው ቀይ እስክሪብቶ

ሳንሱር ሲባል ቶሎ በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው ቀይ እስክሪብቶ የጨበጠ የመንግሥት ሹም ነው። አኒሜ የሚባሉት የጃፓን የካርቱን ፊልሞች ባሕር ሲሻገሩ የሚደርስባቸውን ላስተዋለ ግን፣ ነጋዴም የራሱ ቀይ እስክሪብቶ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1998 «ፖክሞን» በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ ፊልሙን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ፎር ኪድስ የተባለው ኩባንያ ኦኒጊሪን «ማርማላታ ያለበት ዶናት» አሰኘው። ኦኒጊሪ በእጅ ተድቦልቡሎ በባሕር አረም የሚጠቀለል ሩዝ ነው፤ ጃፓናዊት እናት ለልጇ የምትቋጥረው ስንቅ። ዐይን ሩዝ ያያል፣ ጆሮ ዶናት ይሰማል። በኋላማ ሥዕሉም እየተፋቀ ሳንዱች ገባበት። ለመሆኑ ሩዝ ማንን ያስቀይማል? አንድ ሕፃን ሌላው ሕዝብ ሌላ ምግብ እንደሚበላ ቢያውቅ ምን ይጎድልበታል?

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ማንጂ የሚሉት፣ አራት ክንዶቹ የታጠፉ መስቀል መሰል ምልክት ነው። በጃፓን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ምልክት ሲሆን፣ በካርታ ላይ ሳይቀር ቤተ መቅደስን ያመለክታል። ዕድሜውም ከሂትለር እጅግ ይበልጣል። ለጃፓን ገበያ የታተመ አንድ የፖክሞን ካርድ ይህን ምልክት እንደያዘ አሜሪካ ገብቶ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1999 አይሁዳውያን ቅሬታ አሰሙ፤ ኒንቴንዶም ካርዱን ማተም እንደሚያቆም አስታወቀ። በ«ናሩቶ»ም በመጽሐፉ የአንዱ ገጸ ባሕርይ ግንባር ላይ የነበረው ማንጂ፣ በፊልሙ ተራ የኤክስ ምልክት ሆኗል።

ይህ ቅሬታ እንደ ሩዙ የሚናቅ አይደለም። ወገኖቹ በዚያ ዓርማ ሥር ላለቁበት ሰው «የእኛው የሚታጠፈው በሌላ አቅጣጫ ነው» ማለት መልስ አይሆነውም። ሆኖም ምልክቱ ከየቦታው በተፋቀ ቁጥር የናዚዎች ብቻ እየሆነ ይሄዳል። የተሰረቀ ዕቃ ለሌባው ይጸድቅለታል ማለት ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ጣጣ እንዳይመስለን፤ ላሊበላ የሄደ ሰው ከቤተ ማርያም መስኮቶች መካከል ይህንኑ ቅርጽ ከዐለት ተፈልፍሎ ያገኘዋል። የውጭ ፊልም ነጋዴ «ተመልካች ይከፋዋል» ብሎ ያንን መስኮት ከሥዕሉ ቢደፍነው ምን እንል ነበር?

እምቢ ማለትም ይቻላል። የሚያዛኪ «ናውሲካ» እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ስትገባ ከ20 ደቂቃ በላይ ተቆርጦባት ነበር። ከዚያ የተማረው ስቱዲዮ ጂብሊ «ልዕልት ሞኖኖኬ» እ.ኤ.አ. በ1999 ስትሻገር አንድም ትዕይንት አላስቆረጠም፤ የጫካ አማልክቷን እንደያዘች ገባች።

ለሩዙ ስሙን መጥራት ይበቃዋል። ለማንጂ ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህ ምልክት እዚህ የጸሎት ነው፣ እዚያ የግድያ ሆኗል የሚል። ሁለቱንም የሰማ ልጅ፣ ምንም ካላየው ልጅ ይልቅ ሟቾቹንም ጸሎተኞቹንም ያከብራል።