የእንጀራ ብስክሌትና የመንገድ ብስክሌት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ብስክሌቴን ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ጋር በሰንሰለት አስሬ ጉዳይ ልጨርስ ገባሁ። ስወጣ ሰንሰለቱ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቋል፤ ብስክሌቷ የለችም። በር ላይ ለነበሩት አዛውንት ጠባቂ ብነግራቸው ከልባቸው አዘኑና፣ «ተወው ልጄ፣ ብስክሌት ነው እንጂ መኪና አይደለም!» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። በማግሥቱ ወደ ሥራ በእግሬ ስገሠግሥ ግን ቃላቸው አላጽናናኝም።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ ሰሞኑን አንድ የቆየ ፊልም ዳግመኛ አይቼ፣ ወዲያው ደግሞ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ባነበብኩ ጊዜ ነው። ፊልሙ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። መጽሐፉ አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ ከአገሯ እስከ ሕንድ በብስክሌት ያደረገችውን ጉዞ የተረከችበትና በ1965 ለኅትመት የበቃው «ፉል ቲልት» ነው። በአንደኛው ብስክሌት የዕለት እንጀራ ማግኛ ነው፤ በሁለተኛው ዓለምን ማያ። ስለዚህም ብዙ ሰው የመጀመሪያውን የድሃ ሰቆቃ፣ ሁለተኛውን የፈረንጅ ቅብጠት ብሎ ይለያቸዋል። እኔ ግን ይህ አከፋፈል ሁለቱንም ሥራዎች ይበድላል ባይ ነኝ።

ከፊልሙ እንነሣ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ሮም በሥራ አጥ ተሞልታለች። አንቶኒዮ ሪቺ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌት ከሌለው ግን ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቿን ገፍፋ በምትኩ ታስይዛለች። እዚህ ላይ ዴ ሲካ አንድም ቃል ሳይናገር የሚያሳየን ነገር አለ፤ የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የማሪያን ጥቅል ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ በሌሎች ሰዎች ጥቅል ታጭቋል። የአንድ ቤት ችግር የመሰለን የከተማው ሁሉ ችግር ሆኖ ይገኛል።

ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ፖሊሱም ጉዳዩን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የእኔን ጠባቂ ያስታወሰኝ እሱ ነው። ሆኖም ፊልሙን የሰቆቃ ፊልም ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ከስርቆቱ በፊት ያለውን ጠዋት የዘነጉት ይመስለኛል። ትንሹ ልጅ ብሩኖ ብስክሌቱን ሲወለውል አንድ የተጎዳ ቦታ አይቶ በመያዣ ቤቱ ሰዎች ይናደዳል። ከዚያ አባትና ልጅ በአንድ ብስክሌት ላይ ሆነው ወደ ሥራ ይከንፋሉ። ያ ደስታ ባይኖር ኖሮ ኪሳራው ይህን ያህል ባልከበደን ነበር። የፊልሙ ድክመት፣ ካለው፣ በአሌሳንድሮ ቺኮኚኒ ሙዚቃ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ራሱ ሊያዝን ሲዘጋጅ ሙዚቃው ቀድሞ «አልቅሱ» ይላል።

ወደ መጽሐፉ እንለፍ። መርፊ አሥር ዓመት ሲሞላት አሮጌ ብስክሌትና አሮጌ አትላስ በስጦታ አገኘች፤ አንድ ቀን ሕንድ እደርሳለሁ ስትልም ወሰነች። ነገር ግን በ14 ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ በሽተኛ እናቷን ማስታመም ያዘች፤ እናቷ እስካረፉበት እስከ 1962 ድረስ ሕይወቷ ከዚያ ቤት ጋር ታስሮ ኖረ። በጃንዋሪ 1963፣ በ31 ዓመቷ፣ ያን ጊዜ አውሮፓን በሸፈነው በረዶ ውስጥ ተነሥታ በጁላይ ዴልሂ ገባች። እንግዲህ ይህ ጉዞ ከሃያ ዓመት በላይ የተጠበቀ ነው፤ ቅብጠት ይህን ያህል አይታገሥም።

ሐያሲው ልብ ሊለው የሚገባው ደግሞ ብስክሌቷ ራሷ የሽርሽር ዕቃ አለመሆኗ ነው። መርፊ «ሮዝ» ብላ ሰይማታለች፤ የዶን ኪሾት ፈረስ ስም ማሳጠሪያ መሆኑ ነው። ማርሿን ለእስያ መንገድ አይበረክትም ብላ አስወልቃዋለች። መንገዱ እምቢ ሲል አውቶቡስና የጭነት መኪና መሳፈሯን አትደብቅም። የመጽሐፉ ጥንካሬ ይህ ሐቀኝነት ነው። ጉድለቱም እዚያው አጠገብ አለ፤ በአንድ ሌሊት እንግድነት ስለ አንድ ሕዝብ ጠባይ ፍርድ ለመስጠት ትቸኩላለች። በዚያው መንገድ ለእንጀራው የሚመላለሰው ሰው በገጾቿ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ይገባና ጠዋት ስትነሣ ከኋላዋ ይቀራል።

ታዲያ ሁለቱን የሚለያቸው ምንድን ነው? ርቀቱ አይመስለኝም። የሮዝ መሰረቅ ለመርፊ የአንድ ጉዞ መጨረሻ በሆነ ነበር፤ የሪቺ ብስክሌት መሰረቅ ግን ለአንድ ቤተሰብ የእንጀራ ማለቅ ነው። ዴ ሲካ ይህን በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ በአንድ ትዕይንት አሳይቶናል። ሪቺና ብሩኖ በስታዲየሙ አቅራቢያ የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎንበስ ብለው የሚጋልቡ ብስክሌተኞች ከፊታቸው ሽው ብለው ያልፋሉ። ጋላቢዎቹን የምንጠላበት ምክንያት የለም። ግን ከዚያ በኋላ ሪቺ ለምን የሌላ ሰው ብስክሌት ለመስረቅ እንደተነሣ ማንም አያስረዳን፤ አይተነዋል።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት የሁሉም እግር ነበር። መምህሩ አባቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ በብስክሌቱ ትምህርት ቤት ይመላለሳል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያችው ብስክሌት ፊቱ አስቀምጦኝ እስከ ዓባይ ድልድይና ከዚያ ወዲያ ይወስደኛል። ጎማዋ ሲፈነዳ ሥራውም ሽርሽራችንም አብረው ይቆማሉ። እንጀራውንና መንገዱን በአንድ ብስክሌት ላይ የጫነ እንዲህ ያለ ሰው በልቦለዶቻችን ውስጥ ባገኘው ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን ፊልሙን ያዩ ሰዎች መጽሐፉን ቢያነቡ፣ መጽሐፉን ያነበቡም ፊልሙን ቢያዩ፣ «ብስክሌት ነው እንጂ» ከማለታቸው በፊት ቆም ብለው ያስባሉ ብዬ አምናለሁ።