ቀንና ሌሊት በስምንት አኃዝ

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት አካባቢ የቡናን ሥራ በቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ከብርሃኑና ከቀለሙ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ነገር የጊዜው ቍጥር ነው፤ ቀን የተለቀመው እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያው የሚደርሰው አመሻሹ ላይ ስለ ሆነና ሳያድርም መፈልፈል ስለሚገባው፣ የመፈልፈያው ሞተር ሌሊቱን ሲሠራ ቀራጩም አብሮት እኩለ ሌሊትን ይሻገራልና።

ታይምኮድ ለእያንዳንዱ ፍሬም ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ሴኮንዱንና የፍሬሙን ተራ በስምንት አኃዝ የሚሰጥ ሥርዓት ነው። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሄድ በሴኮንድ 25 ፍሬም መቅረጽ ይስማማናል፤ አንዱ ፍሬምም 0.04 ሴኮንድ ይሆናል። ጊዜን እንዲህ አድቅቆ መክፈል ለሊቃውንታችን እንግዳ አይደለም፤ በባሕረ ሐሳብ ዕለት በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ ካልዒት በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲትም በ60 ራብዒት ስለሚከፈል፣ የእኛ አንድ ፍሬም በትክክል 6 ራብዒት ነው።

ሁለት ካሜራና አንድ ድምፅ መቅጃ ይዞ የወጣ ሰው፣ ቀረጻ ሲቆም የሚቆመውን ሬክ ራን ትቶ፣ ያለ ማቋረጥ የሚሄደውን ፍሪ ራን ይመርጣል፤ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌሎቹም ቍጥሩን በገመድ ያስተላልፋል፤ የየራሳቸው ሰዓት በጥቂት በጥቂቱ ስለሚለያይም በዕረፍት ሰዓት ይህንኑ ይደግማል።

ይሁን እንጂ ታይምኮድ ሰዓትን እንጂ ዕለትን አያውቅም። በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ካሜራ 23:59:59:24 ላይ ደርሶ ወደ ዜሮ ሲመለስ፣ ጊዜው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ሥራውም በጋለበት ወቅት ስለሚሆን፣ ኋላ የተቀረጸው በአርትዖት ጊዜ ከፊተኛው ቀድሞ ይሰለፋል። ስለዚህ እኔ ዜሮን የማኖረው በንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ 01:00:00:00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13:00:00:00 ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ እሸት ተረካቢው በመዝገቡ የሚያሰፍረው ሰዓትም ከካሜራው ቍጥር ጋር ያለ ብዙ ስሌት ይገጥማል።

ዕለቱን የሚሸከመው ዩዘር ቢትስ ነው። ከታይምኮድ ጋር ለእያንዳንዱ ፍሬም ከሚጻፈው 80 ቢት 32ቱ ለባለቤቱ ፈቃድ የተተዉ ሲሆኑ፣ በአራት በአራት ተከፍለው ስምንት ስፍራ ይሆናሉ፤ በየስፍራውም ከ0 እስከ 9 ያለ አኃዝ ወይም ከኤ እስከ ኤፍ ያለ ፊደል ይገባል። የካሜራው የራሱ መቁጠሪያ ከ12 ወር በላይ ባያውቅም፣ በዚህ ስፍራ 13ኛውን ወር መጻፍ የሚከለክል የለም፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ በሁለተኛው ካሜራ የሚቀርጽ ሰው 05 13 17 02 ብሎ ይሞላል። በእጅ የተሞላው ቍጥር በእኩለ ሌሊት ስለማይለወጥም፣ ማክሰኞ የተለቀመው ቡና እስኪነጋ ቢፈለፈል በማክሰኞ ስም ይቆያል።

ፋይል ወደ ሌላ ዓይነት ሲለወጥ ዩዘር ቢትስ ሊጠፋ ስለሚችል ዋናውን ቅጂ መጠበቅ፣ ለአርታኢውም ዜሮው ንጋት መሆኑን በጽሑፍ ማስታወቅ ግድ ነው፤ ይህን ያልተነገረው አርታኢ 13ን ከቀኑ 7 ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ቍጥር የሚያገለግለው ሰጪውና ተቀባዩ በመነሻው ሲስማሙ ብቻ ነውና።