የቆዳና የአንጀት ዕድሜ፦ የቆየ ክራርና በገና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

የቆዩ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ለመመዘን ዛሬ የተለመደው መስፈርት በአብዛኛው ከጊታር የተወሰደ ነው (በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1833 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የማርቲን ኩባንያ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ከጊታሩ የፊት ገጽ ሥር በመስቀለኛ የሚጋደሙ ቀጫጭን ደጋፊ ዘንጎችን ሲሠራ ቆይቷል። ሰብሳቢዎችም ከ1898 ወዲህ የተሰጠውን ተከታታይ ቁጥር ያነባሉ፤ ዘንጎቹ እየተፋቁ ይሳሱ የነበሩት እስከ 1944፣ የብራዚል ሮዝውድም በመደበኛ ምርት ላይ የዋለው እስከ 1969 መሆኑን ስለሚያውቁ አንዱን ጊታር ከሌላው በብዙ እጥፍ ዋጋ ይለያሉ። ድምፁን የሚሰጠው እንጨት በመሆኑና እንጨቱም ሳይለወጥ ስለሚያረጅ ይህ አመዛዘን ለጊታር አግባብ አለው።

ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ በቦረናና በመካነ ሰላም አድርጎ በሳይንት በኩል እስከ መቅደላ በሚዘረጋው ደጋ ግን መስፈርቱ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። የክራር ድምፅ የሚወጣው ከተወጠረ ቆዳ ነው። ከዋንዛ ወይም ከሌላ እንጨት የተፈለፈለው ገበቴ፣ ማለትም የድምፅ ሳጥኑ፣ በእርጥብ ቆዳ ተሸፍኖ ከኋላ በጠፍር ይጠፈራል፤ ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ ይወጠርና ሁለቱን ቋሚዎች አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ በቋሚዎቹ ራስ ላይ በተጋደመው ቀንበርም አውታሮቹ በጨርቅ እየተደገፉ ይጠመጠማሉ። በክረምት ጭጋግ ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ ከእሳት ሲጠጋ መልሶ ይከራል። እንዲህ እየላላና እየከረረ ዓመታትን ያሳለፈ ቆዳ መሰንጠቁ ስለማይቀር ይለወጣል፤ ስለዚህ አንድ የቆየ ክራር የአያት ገበቴና የልጅ ልጅ ቆዳ ሊኖረው ይችላል። በእንጨቱ ብቻ የሚመዝን ሰብሳቢ የመሣሪያውን አካል እንጂ ድምፁን አይመዝንም።

በበገና ነገሩ ከዚህም ይረቃል። ከበግ አንጀት ከሚፈተሉት አሥር አውታሮች ብዙውን ጊዜ የሚመቱት ጥቂቶቹ ሲሆኑ የቀሩት ለጣቶች ማረፊያ ይሆናሉ። በበርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹን ከቆዳው በላይ ከፍ አድርጎ በሚይዘው ድልድይ ላይ፣ በየአውታሩ ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን በጣቱ በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋታል፤ አውታሩ ጠርዟን እየነካ በሚርገበገብበት ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የበገና መለያ የሆነው የሚነዝር ድምፅ ይወለዳል። ይህች ቁራጭ ስትጠፋ በገናው መልኩ ሳይጓደል ድምፁ ይጠፋል።

የመሣሪያዎቹን ታሪክ ለማጥናት ተከታታይ ቁጥርም ሆነ የሠሪ ስም ስለማይገኝ አጥኚው ወደ ብራና ሥዕሎች፣ በተለይም ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ዳዊትን በገና ሲደረድር ወደሚያሳዩት፣ ለመዞር ይገደዳል። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ከዘመቻው ጋር የነበረው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ በዋናነት ያሰባሰበው ብራናዎችን ነበር፤ በዚህም ለወሎም ሆነ ለመላው ኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ የሚያስፈልገው የሥዕል ማስረጃ ከፊሉ ባሕር ማዶ ቀርቷል፤ ይህም እስከ ዛሬ የሚያስቆጭ ጉዳት ነው። ሆኖም ሠዓሊ የቀደመውን ሠዓሊ እየተከተለ ስለሚሥል ሥዕሉ ለቅርጽ እንጂ ለድምፅ ምስክር አይሆንም።

ድምፁ የሚገኘው በቅኝት ውስጥ ነው። ክራር እንደ ጊታር በጣውላ ላይ የተቸነከሩ የድምፅ መከፋፈያዎች ስለሌሉት ከትዝታ ወደ አምባሰል ወይም ወደ ባቲ የሚሻገረው ተጫዋች አውታሮቹን እንደገና ማክረርና ማላላት አለበት፤ ከእነዚህ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም መያዛቸውም የአካባቢውን ድርሻ ያሳያል። ናይለን አንጀትን መተካቱ ቅኝቱ ቶሎ እንዳይላላ ስለረዳ ተጫዋቾች መምረጣቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው ናይለን የተወጠረበትን የቆየ ክራር ምንም ማብራሪያ ሳይሰጡ እንደ ጥንቱ ድምፅ ምስክር ማቅረብ ነው። በደሴም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ክራር ወደ ሙዚየም ሲገባ መዝገቡ ከገበቴው ልኬት ጋር የቆዳውን ዓይነትና የተለወጠበትን ጊዜ፣ የአውታሩን ምንነት፣ ከሁሉም በላይ የመጨረሻው ተጫዋች የቃኘበትን ቅኝት ከነድምፅ ቅጂው ሊይዝ ይገባል፤ መሣሪያው ከመሰቀሉ በፊት ያልተቀዳ ቅኝት በኋላ ከእንጨቱ ላይ ሊነበብ አይችልምና።