ከሃያው ደቂቃ በፊት፦ ለሕብለ ሰረሰር ጉዳተኞች የወጣው የእንቅስቃሴ መመሪያ ሲመዘን

ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ አዋቂዎች ምን ያህል የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ እንደሚገባቸው የሚያመለክተው ዓለም አቀፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 «ስፓይናል ኮርድ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ምክሩ አጭር ነው። ለልብና ለሳንባ ብቃት እንዲሁም ለጡንቻ ጥንካሬ በሳምንት 2 ጊዜ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ትንፋሽን የሚያፋጥን መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴን፣ ከዚሁም ጋር በሳምንት 2 ጊዜ ለሚሠሩት ዋና ዋና ጡንቻዎች 3 ዙር የጥንካሬ ልምምድን ይመክራል። የልብና የሜታቦሊዝም ጤንነትን ለመጠበቅ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓይነት እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ጊዜ ቢያንስ ወደ 30 ደቂቃ ከፍ ያደርገዋል። ለጠቅላላው ሕዝብ ከሚነገረው 150 ደቂቃ ጋር ሲነጻጸር መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ለዓመታት ከቤት ሳይወጣ ለኖረ ሰው ሊደረስበት የሚችል ግብ መቅረቡ ግን ሊመሰገን የሚገባው አስተዋይነት ነው። የአውስትራሊያ ባለሙያዎች በ2017 ባወጡት ሰነድ ከዚህ የበለጠ መጠየቃቸው ክርክሩ እንዳልተዘጋ ያሳያል። ይሁን እንጂ የመመሪያው ጉድለት ያለው በደቂቃዎቹ ቁጥር ላይ ሳይሆን ከደቂቃዎቹ በፊት ባለው ነገር ላይ ነው።

መመሪያው ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 64 ለሆኑ፣ ከተጎዱ ቢያንስ 12 ወር ለሞላቸውና ጉዳታቸው ከ3ኛው የአንገት አንጓ ጀምሮ ወደ ታች ለሆነ ሰዎች፣ ጾታ፣ ዘርና የኑሮ ደረጃ ሳይለይ እንደሚያገለግል ይገልጻል። በሥነ ፍጥረት ረገድ አባባሉ ትክክል ነው፤ ጡንቻ የባለቤቱን ገቢ አይጠይቅም። ነገር ግን የአከርካሪ ቲቢ እግሮቹን የነሣውን፣ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው እናስብ። እርሱ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ለመወርወር ሲሻ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሊያወርዱት፣ ሌላ ሰው ወንበሩን ሊያወርድለት፣ የታክሲ ረዳትም ወንበሩን ለመጫን ፈቃደኛ ሊሆን ይገባል። ወንበሩ ራሱ ብዙውን ጊዜ ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ፣ በሰውዬው ቁመናና ወገብ ያልተለካ ነው። የኑሮ ደረጃ የማይለየው ሃያ ደቂቃ በዚህ ቤት የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል።

ደረጃውን ማፍረስ የጤና ባለሙያው ሥልጣን አይደለም ሊባል ይችላል። በእጁ ያለው መሰናክል ግን ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ነው። ብዙ ጉዳተኞችን ከሜዳ የሚያስቀረው እግር ሳይሆን ሽንት ነው። በሰው ፊት እንዳያመልጠው የፈራ ሰው ውኃ መጠጣት ያቆማል፤ ከዚያም መውጣት ያቆማል። ከ6ኛው የደረት አንጓ ጀምሮ ወደ ላይ ለተጎዳ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከኀፍረት ያልፋል። የሞላ ፊኛ ወይም የታጠፈ ካቴተር አውቶኖሚክ ዲስሬፍሌክሲያ የተባለውን ድንገተኛ የደም ግፊት ሊቀሰቅስ ይችላል። የዚህ ሰው የዘወትር የላይኛው ግፊት ከ90 እስከ 110 ሊሆን ስለሚችል፣ ጀማሪ ነርስ «ደህና ነው» ብሎ የሚያልፈው 130 ለእርሱ የአደጋ ምልክት ነው። ራስ ምታቱና የፊቱ መቅላት የስፖርት ድካም እንደ ሆነ ተቆጥሮ ከታለፈ ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ልብስን ማላላት፣ ምክንያቱን ከፊኛ ጀምሮ መፈለግና ግፊቱን ደጋግሞ መለካት ይገባል። የልብ ምትም ያሳስታል፤ አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ እየሠራ ምቱ ከ110 እስከ 130 ላይ ሊቆም ስለሚችል፣ ጥረቱን በራሱ ስሜትና እየሠራ መናገር በመቻሉ መመዘን ይሻላል። ከጉዳቱ በታች ያለው ቆዳ በአግባቡ ስለማያልብም በፀሐይ የሚጫወት ሰው ውኃ ሊረጭበትና ጥላ ሊያገኝ ይገባዋል።

መመሪያው ይህን ፈጽሞ አልዘነጋም። ከመጀመር በፊት በጉዳዩ እውቀት ያለውን የጤና ባለሙያ ማማከር እንደሚገባ ይናገራል፤ የዲስሬፍሌክሲያን ምልክቶች ማወቅን ግን ለጉዳተኛው ይተወዋል። ያ ባለሙያ የት እንደሚገኝ፣ ጉዳተኛውንም ማን እንዳስተማረው አይጠይቅም።

ስፖርትን የዚህ ሕክምና አካል ያደረጉት ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ክፍሉን በ1944 ሲከፍቱ አካሄዳቸው ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 16 ተጎጂ የጦር አባላት የቀስት ውድድር ያደረጉት በሆስፒታሉ ግቢ ነው። ፊኛን ባዶ ማድረግን፣ ቆዳን መጠበቅንና ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገርን የሚያስተምሩት ሠራተኞች ከጨዋታው ሜዳ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቁ ነበር። የ2018ቱ መመሪያ በአንጻሩ የሚጀምረው ከ12 ወር በኋላ ነው፤ ለአዲስ ጉዳተኞች በቂ ማስረጃ አለመገኘቱን በቅንነት ያስታውቃል። በእነዚያ 12 ወራት ግን ጉዳተኛው ወደ ቤቱ ተሸኝቶ፣ አልጋውን ለምዶ፣ ምናልባትም የመኝታ ቁስል አውጥቶ ይሆናል። በመሸኛ ወረቀቱ ላይ «እንቅስቃሴ ያድርግ» የሚል አንድ መስመር ሰፍሯል። ለክትትል ሲመለስ ሳይንቀሳቀስ ከተገኘ በካርዱ ላይ «ፍላጎት የለውም» ተብሎ ይጻፍበታል። ፊኛውን በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚያወጣ፣ የዘወትር ግፊቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ቤቱ ስንት ደረጃ እንዳለው፣ ከመጎዳቱ በፊትስ ምን መጫወት ይወድ እንደ ነበር ግን በካርዱ ላይ አልሰፈረም።