ስለ አውድማ

ልጅነታቸውን ትራክተርና መብራት ባልደረሰበት በጎጃም ወይም በቡልጋ ገጠር ከከብትና ከእህል ጋር አሳልፈው፣ ዛሬ በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አረጋውያን ስለ ቀድሞው ኑሮ ሲጨዋወቱ ከሁሉ አስቀድመው አውድማን ቢያነሡ ይገባቸዋል፤ የገበሬው የዓመት ድካም ፍሬ የሚገለጠው በዚያ ነውና።

የጤፍ ቅንጣት እጅግ ደቂቅ ስለ ሆነች በስንጥቅ ገብታ እንዳትቀር መሬቱ ተደልድሎ በእበት ይለቀለቃል፤ ሲደርቅም ነዶው ይበተንና በሬዎቹ እየዞሩ ያበራዩታል። የሕፃኑ ድርሻ በሬው እበት ሊጥል ሲል ፈጥኖ በእጁ ወይም በገለባ ተቀብሎ እህሉን ከርኵሰት መጠበቅ ነበር፤ ይህን አገልግሎት እኔ ከታላላቅ ማዕርጋት አላሳንሰውም። ከዚያም አባት ነፋሱን ጠብቆ በላይዳ ወደ ላይ ሲበትነው እብቁ ይሄዳል፣ ፍሬው ይወርዳል።

ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ፣ በማውንት ቨርነን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1792 እ.ኤ.አ. የነደፈው፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሠሩት፣ በዘመናችንም በአምሳሉ እንደ ገና የታነጸ ባለ 16 ማዕዘን የስንዴ መውቂያ ቤት አለ። በሜዳ ሲወቃ ፍሬው ከአፈር እየተደባለቀ ይባክን ስለ ነበር፣ ፈረሶች በፎቁ ላይ እየዞሩ እንዲረግጡትና ፍሬው በሳንቃዎቹ ክፍተት ወደ ታች እንዲወርድ አደረገ። ጥበቡ ያስደንቃል፤ የእኛ አባቶች ግን ከክረምቱ የራቀውን የታኅሣሥን ጠራራ ሰማይ ተማምነው አውድማቸውን ያለ ጣራ ሠርተውታል። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደዚያ ወስደው በፈረሱ ፈንታ በሬ፣ በስንዴው ፈንታ ጤፍ እያሉ ቢያስረዷቸው፣ የአያቶቻቸውን ሥራ በቅርብ ይረዱታል።