ወረቀት ያልነካው እርማት

ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ የሚሆኑት ዶሎ ኦዶ አጠገብ ነው። ከዚህ ሥፍራ ጀምሮ እስከ ውቅያኖሱ ድረስ የሶማልኛ አገር ነው። ሶማልኛ በይፋ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1972 እ.ኤ.አ. ነውና ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ግጥሞች በአብዛኛው ተፍቀውና ተሰርዘው የጠሩት በገጣሚው አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው።

ከሶማልኛ የግጥም ዓይነቶች ሁሉ ክብደት ያለውን፣ ጋባይ የሚባለውን እንይ። የእኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። የጋባይ ሕግ ያረፈው በቃል መጀመሪያ ላይ ነው። ገጣሚው «ደ»ን ከመረጠ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው፣ በእያንዳንዱ የስንኝ እኩሌታ ውስጥ በ«ደ» የሚጀምር ቃል መኖር አለበት። ግጥሙ መቶ ስንኝ ከሆነ ሁለት መቶ ቃል ማለት ነው። በዚህ ላይ ልኬቱ አለ፤ አጭር አናባቢ አንድ፣ ረጅሙ ሁለት ይቆጠራል። ገጣሚዎች ይህን ልኬት ለዘመናት በጆሯቸው ሲጠብቁ ኖረው፣ ሕጉን ዘርዝሮ በጋዜጣ ያወጣው ገጣሚው ጋሪዬ ነው፤ ዘመኑም 1976 እ.ኤ.አ.።

የእርማቱ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቃል ሐሳቡን አሟልቶ ድምፁን ከሳተ ይወድቃል፤ ድምፁን ይዞ ልኬቱን ካጎደለም ይወድቃል። የሚተካው ቃል የጎረቤቱን ቦታ ስለሚያናጋ ገጣሚው ስንኙን እንደገና ያነሣዋል። አንዳንዱ ለብቻው ሆኖ ቀናት ይፈጅበታል። ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን መመለሻ የለም። በቃል የሚይዙት ሰዎች የገጣሚውን ስም ጠርተው፣ ቃል ሳይለውጡ የማድረስ ግዴታ አለባቸው።

የእኛ የቅኔ ተማሪ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። በቆጠራ፣ ማለትም ቅኔውን በሚያሰላስልበት ሰዓት፣ ያዘጋጀውን፣ ለመምህሩ በሚያሰማበት በነገራ ጊዜ የኔታ ያቃኑለታል፤ ከተዘረፈ በኋላም ያ ቅኔ አይደገምም። የጋባይ ገጣሚ አራሚውም ተማሪውም ራሱ ነው፤ ያሳለፈው ጉድለት ደግሞ በስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ይኖራል።

ረቂቅ ማረም ለሚያስቸግረው ጸሐፊ ትምህርቱ ግልጽ ነው። «ይህ ዐረፍተ ነገር ያምራል?» የሚል ጥያቄ ለመላላት ይመቻል። ሊዋሽ የማይችል ሕግ ለራስህ አውጣ፤ የዐረፍተ ነገርህን ርዝመት ወስን፣ ወይም ጮክ ብለህ ስታነብ ምላስህን ያደናቀፈውን ሁሉ አውጣ። ሕጉን የምትመርጠው አንተ ነህ፤ ከመረጥክ በኋላ ግን ለምትወደው ቃልም ቢሆን አታዳላ።