ክራር ስለምትደረድር ሴት

እኛ የሐይቅና የአምባሰል ሰዎች ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በአገራችን ስም በመጠራቱ እንኮራለን። ዳሩ ግን ክራር የምታነሣ ልጅ ከቤታችን ብትገኝ «አዝማሪ» ብለን እናዋርዳታለን። እኔም ራሴ እኅቴን እንዲሁ ብዬ ክራሯን ቀምቻታለሁ።

ይህን ያስታወሰኝ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ዘፈን ነው። እኒህ ሴት፣ በቴአትር ወንዶች ሴት መስለው ይጫወቱ ከነበረበት ዘመን በኋላ ወደ መድረክ ከወጡት ቀደምት ሴቶች አንዷ ነበሩ፤ ያረፉትም በ2004 ዓ.ም. መስከረም ነው።

ድምፃቸው ትልቅ አይደለም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ሰው አለ። ለእኔ ግን ኃይላቸው ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ክራሩን የሚደረድሩት ራሳቸው ናቸውና ማንንም አይጠብቁም። ግጥሙን እንደ ጨዋታ ወግ ይጀምሩና በመካከል ዝም ይላሉ፤ የቀረውን አውታሩ ይናገረዋል። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን ያጀቧቸው ቅጂም መልካም ነው፤ ነገር ግን ያ ዝምታ እዚያ ውስጥ ቦታ ያጣል።

በፈረንሣይ አገር የታተመው «ኢትዮፒክስ» 16ኛው ቅጽ የእርሳቸው ነው። ይህንኑ ለእኅቴ ላክሁላት። መልሷ አንድ ቃል ሆነ፤ «ክራሬ የት ደረሰ?» አለችኝ።